ለክቡር አቶ ጭስ

ለክቡር አቶ ጭስ
የገጠር ማድቤቶች ቋሚ ነዋሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። እናቶቻችን ትንሽ ያስላቸዋል፤ እሱም «ብርድ ነው» ተብሎ ታልፏል። የእርስዎ ስም አልተነሳም፤ አይስጉ።

ትጋትዎን ሳናደንቅ አናልፍም። በተለይ ኩበቱ እርጥብ የሆነ ዕለት የሚቀድምዎ የለም። ምጣዱ እስኪግል ጎንበስ ብላ እፍ የምትለውን ሴት ዓይኗ ላይ ነው የሚቀበሏት። በጀርባዋ ያዘለችውንም ሕፃን አይዘነጉም። መስኮት የለም፤ እርስዎስ የት ይሂዱ? በሣር ክዳኑ ሾልከው እስኪወጡ ድረስ ግድግዳውን በጥቀርሻ ይቀባሉ። ያውም በነፃ!

ውለታዎም አይካድም። ጣሪያውን ከምስጥ፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ይጠብቃሉ ይባላል። ትንኝም ያባርራሉ። (ትንኟስ መሄጃ አላት።)

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ስምዎን ማጥፋቱን አልተወም። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ይላል። ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ የዓይን ሞራ… ክሱ ብዙ ነው። እርስዎ ግን አንድም ቀን ጣቢያ ቀርበው ቃል አልሰጡም። ምን ዓይነት ዋስ ቢኖርዎት ነው?

ጳጉሜን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደንገጥ ብለው ይሆናል። ይረጋጉ። መብራት የገባበት ቤት መጀመሪያ የሚሰካው ስልክ ነው፤ ከዚያ ቴሌቪዥን ይከተላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል፤ የመግዣው ዋጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃም ቢሆን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቆጥባል እንጂ፣ ጭስ መውጫ ካልተሠራለት ከእርስዎ ጋር ተቻችሎ ይኖራል። ለጭስ መውጫው ብር ሲጠየቁ አባወራው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ይተርታሉ። ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ነፋሻ ቦታ ተቀምጠው።

እሳቸው ጋ ለምን እንደማይደርሱ አሁን ገባን። የቤቱን ብር የያዘ ሰው ዓይኑ ማልቀስ የለበትም።

ከታላቅ ሳል ጋር

ግልባጭ፦
ለአባወራው (ቡናው ሲፈላ ይጠራሉ)
ለማድቤቱ መስኮት (ሲከፈት ይደርሰዋል)