ይድረስ ግራ ላጋባኝ የፊት ካሜራ

ቁጥር፦ የለውም
ጉዳዩ፦ ግራ ማጋባትን ይመለከታል

ክቡር የስልኬ የፊት ካሜራ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በድሮው የደብዳቤ ወግ ቢሆን «እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ» እል ነበር። እኔ ግን ከእጆቼ በስተቀር ደህና ነኝ። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖብኛል። ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

ላስታውስዎ። አንድ እሁድ ማለዳ «ቀኝ አውለኝ» ብዬ ከቤቴ ወጣሁ። ክራሬን ይዤ በባጃጅ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ሰው ገና አልበዛም። እርስዎን ከውሃ ኮዳዬ ጋር አስደግፌ ድንጋይ ላይ አቆምኩዎት። የለበስኩት ቲሸርት ደረቱ ላይ በትልልቁ «ሀዋሳ» ይላል። ከኋላዬ ሐይቁ ተኝቷል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንዱ ራቅ ብሎ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ቀብሮ ያየኛል። በትዝታ ቅኝት ሦስት ደቂቃ ያህል ገረፍኩ። አንድም ቦታ አልሳትኩም። ይህ ደግሞ እኔን በዓመት አንዴ እንኳ አያጋጥመኝም።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅኩት። ከዚያ ራሴን ልሸልም ብዬ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ ስልኩ ጮኸ።

አያቴ ናት። የድምፅ መልእክት ልካለች። «የኔ ጌታ፣ ቀኝ እጅህን ምን አገኘው? ለምን ደበቅኸኝ? ግድ የለም፣ ለገብርኤል ነግሬዋለሁ።»

ቀጥሎ ክራር ያስተማሩኝ ጋሼ ደወሉ። ሰላም እንኳ አላሉኝም። «እኔ ነኝ እንደዚህ አድርገህ ያዝ ያልኩህ?» እኚህ ሰው ቀኝ እጅ እንዲገርፍ፣ ግራ እጅ ከኋላ ሆኖ የማይፈለገውን ክር እንዲያፍን ስንት ወር የለፉብኝ ሰው ናቸው። አሁን ስድስቱንም ክር በግራዬ ስገርፍ አዩ። «አይ ጋሼ፣ በቀኜ ነው የመታሁት» አልኳቸው። «ዓይን አለኝ እኮ!» ብለው ዘጉት።

ሦስተኛው አዳማ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። «ሶዋሀ የት ነው? አዲስ ሪዞርት ነው?»

ሶዋሀ! ቲሸርቴን አየሁት። ሀዋሳ ይላል። ቪዲዮውን አየሁት። ሶዋሀ ይላል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ክቡርነትዎ ፊደል የቆጠሩ አይመስለኝምና ላስረዳዎ። ሳ ረጅሙ እግሯ በቀኝ ነው። ሲገለብጧት ረጅሙ እግር ወደ ግራ ይሄድና ሶ ሆና ቁጭ ትላለች። ባ ቦ ይሆናል። ሻ ሾ ይሆናል። ከኋላዬ «ንግሥተ ሳባ» የሚል ፖስተር ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ያቺን የመሰለች ንግሥት «ቦሶ» አድርገው ያስቀሯት ነበር። የላቲን ፊደል ሲገለበጥ ቢያንስ የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል። የኛው ግን ሌላ ቃል ሆኖ ይነበባል፤ ሰው ደግሞ ሪዞርት ነው ብሎ ይጠይቃል። ምንም ያላሉት ሀ፣ በ እና ሰ ናቸው። ግራና ቀኛቸው እኩል ስለሆነ እርስዎም አልቻሏቸውም።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። ለአንተ አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ድሮ የለቀቅኳቸውን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ መረመርኩ። በረንዳዬ ላይ በቀረጽኩት ከኋላዬ የሚያልፉት ባጃጆች በሙሉ በመንገዱ ግራ ነው የሚሄዱት። ኬንያ የምኖር ነው የምመስለው። ቤት ውስጥ በቀረጽኩት ደግሞ የግድግዳው ሰዓት አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የቀረጽኩት። አንተ ዘጠኝ አደረግኸው። ለካ የፈረንጅ አቆጣጠርም ትችላለህ! ሸሚዜ እንኳ አልቀረልህም። የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ የሚተከለው በቀኝ ነው፤ አንተ ወደ ግራ አዛውረህ የሴት ሸሚዝ አስለበስከኝ። አክስቴ ያን ጊዜ ዝም ያለችው ሳታይ ቀርታ አይደለም፤ አዝናብኝ ነው።

አሁን ወደ ሙግትህ ልምጣ። ምን እንደምትል አውቃለሁ። «እኔ መስታወት ነኝ፤ መስታወት እንደዚህ ነው» ትላለህ።

እሺ። ስቀረጽ ስክሪኑ ላይ እንደ መስታወት ብትሆን አልጣላህም። እንዲያውም ልክ ነህ። ራሳችንን ዕድሜ ልካችንን ያየነው በመስታወት ነው። ቀኝ እጄን ሳነሳ በቀኜ በኩል ያለው እጅ ሲነሳ ነው የሚገባኝ። እንዲያ ባይሆን ፀጉሬን ላስተካክል ስል እጄ ወደ ሌላው ጆሮዬ ይሄዳል። ከፍሬሙ ወጣሁ ብዬ ጠጋ ስል ጭራሽ እወጣለሁ። ስለዚህ ስቀረጽ አስመስል። ፈቅጃለሁ።

ደግሞ መስታወትን የምታውቀው እንዳይመስልህ። መስታወት ግራና ቀኝን አይቀያይርም። ፀጉር ቤት ሄጄ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጤነኛ ነኝ ወይ ብሎ አይቶኛል። በእጄ ወደ ሐይቁ ስጠቁም መስታወቱ ውስጥ ያለውም ወደ ሐይቁ ይጠቁማል። ወደ ታቦር ተራራ ስጠቁም እሱም ወደ ታቦር። ወደ ጣሪያው ስጠቁም ወደ ጣሪያው። ወደ መስታወቱ ስጠቁም ብቻ ነው የሚገለብጠው፤ ወደ እኔ ይጠቁማል። የሚያገላብጠው ፊትና ኋላን ነው። ግራ የሚገባን እኛ ነን፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ዞሮ የቆመ ስለሚመስለን። መስታወት እንግዲህ ምንም አላጠፋም። ለእኔ ብቻ አሳይቶ ዝም ይላል። ሄዶ ለአያቴ አይናገርም።

አንተ ግን ትናገራለህ። ያውም አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ። አንዱ ስልክ ሲቀርጽ አስመስሎ ሲያስቀምጥ ግን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። ሌላው እንደታየው ገልብጦ ያስቀምጣል። በስልኩ ካሜራ ሲቀረጽ ቀጥ ያለው፣ በሌላ አፕ ሲቀረጽ ይገለበጣል። የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ደግሞ ለእኔ የተገለበጠውን ታሳየኛለህ፤ ለሌላው ሰው ትክክለኛውን። እንደ አገር ሽማግሌ ለሁለቱም ወገን የሚፈልገውን። እንደ ካሜራ ግን አሽቃባጭ ነህ።

ማሽቃበጥህን ደግሞ በጥናት ላሳይህ። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች የሴቶችን ፎቶ አንስተው ሁለት ዓይነት አድርገው አሳተሙት፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው የተገለበጠ። ባለፎቶዎቹ በብዛት የተገለበጠውን ወደዱ። ወዳጆቻቸው ደግሞ ቀጥ ያለውን። ሁሉም የለመደውን ነው የወደደው። አንተም ይህንን ታውቃለህ። ለዚህ ነው በመስታወት የለመድኩትን መልክ እያሳየህ «ዛሬ አምሮብሃል» የምትለኝ። ከዚያ ያንኑ ሽንገላ ጠቅልለህ ለሕዝብ ትልካለህ።

ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬን ደግሞ ብታየው ታዝንለታለህ። እኔስ ክራር ነው፤ ቢበዛ ግራኝ እባላለሁ። የእሱ ወፍራሙ ድምፅ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ እየቀጠነ መሄድ ሲገባው፣ በአንተ ቪዲዮ ቀኝ እጁ ነጎድጓድ ያወርዳል፣ ግራው ወፍ ያስጮኻል። ክፋትህ ደግሞ ጥበብ አለው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሲገለበጡም ሁለት ሦስት፣ ሁለት ሦስት ሆነው ስለሚቀሩ ኪቦርዱ ትክክለኛ ይመስላል። ውስጡን ብታየው ግን ዶ የነበረው ሚ ሆኗል። ፋ ሲ ሆኗል። ሶል ላ ሆኗል። ከነጮቹ ቁልፎች ከቦታዋ ንቅንቅ ያላለችው ሬ ብቻ ናት። አንድ ተማሪ የእሱን ጣቶች እያየ ዜማ ሊለቅም ሦስት ቀን ታግሎ «ኪቦርዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሊያስጠግን ወስዶታል።

(ሆን ብለው የሚገለብጡም አሉ፤ እነሱን ከአንተ ጋር አልደምርም። ተማሪው ፊት ለፊት እያየ እንደ መስታወት እንዲከተላቸው ብለው የሚገለብጡ የጊታርና የእስክስታ አስተማሪዎች አሉ፤ ይባረኩ። የሰው ክሊፕና ፊልም ሰርቀው ዩቲዩብ በቅጂ መብት እንዳይዝባቸው የሚገለብጡም አሉ። እነዚያን እግዜር ይገልብጣቸው።)

ነገሩ በአንተ አልተጀመረም። አሜሪካ ውስጥ ቢሊ ዘ ኪድ የሚባል ሽፍታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ተገደለ። በጣም የታወቀው ፎቶው በስስ ብረት ላይ የተነሳ ነው። በዚያ ዘዴ ኔጋቲቭ የሚባል ነገር የለም፤ ምስሉ በቀጥታ ብረቱ ላይ ስለሚያርፍ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ሽጉጡ በግራ ጎኑ ታየ። በቃ፣ ሰውዬው ግራኝ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ተወራ። ያጋለጠው ጠመንጃው ነው። የያዘው ጠመንጃ ጥይት የሚጎርሰው በቀኝ ጎኑ ሆኖ ሳለ ፎቶው ላይ በግራ ይታያል። የእሱ ጠመንጃ እንደ እኔ ቲሸርት መሆኑ ነው። ያ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የእኔ ቪዲዮ አሥራ አንድ ላይክ አግኝቷል፤ ሦስቱ የእኔው አካውንቶች ናቸው።

መድኃኒትህን ግን አግኝቻለሁ። ሰፈራችን ያለ አንድ ጎረምሳ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አሳየኝ። ሳምሰንግ ላይ ሴልፊ እንደታየው ይቀመጥ ወይ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አይፎን ላይ ደግሞ «ሚረር ፍሮንት ካሜራ» የሚል። አንዴ ነካ ማድረግ ብቻ! የተገለበጠውንም ቢሆን በማንኛውም የቪዲዮ ኤዲተር ጎን ለጎን መልሶ መገልበጥ ይቻላል። እኔ ግን ቂም ይዣለሁ። ስለዚህ የኋላ ካሜራ የሚባለውን ወንድምህን ቀጠርኩ። እሱ ማንንም አይገለብጥም። የሚያሽቃብጥለት ሰውም ፊቱ የለም።

በቀጣዩ እሁድ ጎረምሳውን ይዤ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ስልኩን እሱ ያዘው። አውራ ጣቱ የቪዲዮውን አንድ ጥግ ሸፍኖታል። መሃል ላይ ደግሞ እኔን ትቶ አባ ኮዳውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ቀርጿል። ቢሆንም ሀዋሳ ሀዋሳ ይላል፣ ቀኜም ቀኝ ነው።

ለቀቅኩት። ጋሼ ወዲያው ደወሉ። «እጅህ ተስተካክሏል» አሉ። ደስ አለኝ። «እንግዲህ አሁን ምትህን እንነጋገር» ብለው አርባ ደቂቃ ተናገሩኝ። ለካ ባለፈው በእጄ ተገርመው ምቴን አልሰሙትም ነበር።

አያቴ ግን እልል አለች። በድምፅ መልእክት፣ እስከ መጨረሻው እልልታ ብቻ። ቀኝ እጄ ድኗል። ለካ «ነግሬዋለሁ» ያለችው ስለት ተስላ ነው። ለሐምሌ 19፣ ለገብርኤል፣ ትልቅ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ። ሴቲንግ ነው፣ አፕ ነው ብዬ ብዙ አስረዳኋት። «ስለት በሴቲንግ አይቀርም» አለችኝ። ዋጋውንም ጠይቃልኛለች፤ ከፋዩ የዳነው ሰው ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የጃንጥላውን ግማሽ ዋጋ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ እንዲያስገቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በቀኝ እጄ ፈርሜያለሁ

ግልባጭ፦
ለጋሼ
ለአያቴ
ለአንተ ግልባጭ አልላክሁም፤ ራስህ ትሠራዋለህ።