ርካሽ ቢራ የሚመርጡት ጣዕም ስለማያውቁ አይደለም

«አሜሪካኖች ርካሽ ቢራ የሚጠጡት ጣዕም ስለማያውቁ ነው» የሚለው አባባል ቅር አሰኝቶኛል። ሜሪላንድ ውስጥ መጠጥ መሸጫ ቤት እሠራለሁ። ማታ የሚመጡት ከሥራ የወጡ ግንበኞችና ሾፌሮች ናቸው። በሙቀት ሲለፋ የዋለ ሰው የሚያምረው ቀዝቃዛና ቀለል ያለ ነገር ነው። ባድ ላይት የሚባለው ርካሽ የአሜሪካ ቢራ 4.2 በመቶ አልኮል ነው ያለው፤ እየተጫወቱ ሁለት ሦስት ቢሉ አይከብድም። ትንንሾቹ ጠማቂዎች የሚጠምቁት አይፒኤ የሚባለው መራራ ቢራ ግን ብዙ ጊዜ ከ6 በመቶ ይበልጣል። ሆፕሱም፣ እንደኛ ጌሾ የሚያመርረው፣ ይበዛበታል። ዋጋውንስ? በአራት ጣሳ አይፒኤ ሒሳብ 12 ጣሳ ባድ ላይት ይገዛል! ደግሞ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ሲታገድ ስንቱ ትንሽ ጠማቂ ተዘግቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደገው ትውልድ አባቱ ፍሪጅ ውስጥ ያየው ይህንኑ ቀላል ቢራ ነው።