ደብተራቸውን ገልጠን እንይ

«ገባችሁ?» አለች ዕጩ መምህርቷ። «አዎ!» አሉ ከስልሳ የማያንሱ ልጆች በአንድ ድምፅ። ከኋላ የተቀመጠው የኮሌጅ ሱፐርቫይዘር በምዘና ቅጹ ላይ «ተማሪዎችን ታሳትፋለች» በሚለው ፊት 4 ጻፈ። ፈረመና ወጣ። ክፍለ ጊዜው ገና አልተጋመሰም፤ ሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለት ዕጩዎች ይጠብቁታል።

እኔም መምህራን አሠለጥናለሁ፤ ያን ቀን አብሬው ነበርኩ። እሱ ሲወጣ የፊቴን ልጅ ደብተር ገለጥኩ። 1/2 ሲደመር 1/3፣ መልስ 2/5። የጎረቤቱም እንደዚያው። ደወል ሲደወል ዕጩዋን አሳየኋት። ክው አለች። «ገባን ሲሉኝ እኮ አምኛቸው ነው» አለች። በማግስቱ ዳቦና ቢላ ይዛ ገባች፤ እየቆረጠች እንደ አዲስ አስተማረች። ያን ቀን የመዘናት ሰው የለም።

ፕራክቲከም፣ ማለትም ዕጩ መምህራን ትምህርት ቤት ገብተው የሚለማመዱበት ሥልጠና፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቴሶ በተባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ትልቅ ቦታ ሲሰጠው ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው። ዕጩው ቀደም ብሎ ክፍል ይግባ፣ ያየውን ያሰላስል፣ በሥራው ይመዘን። አፈጻጸሙ ላይ ግን ለአንድ አሠልጣኝ ብዙ ዕጩ ይደርሰዋል፣ ትምህርት ቤቶቹ ይራራቃሉ፣ የትራንስፖርት ብር ይዘገያል። ዕጩው ሥራውን ሰብስቦ የሚያቀርብበት ፖርትፎሊዮም ካለፈው ዓመት ተማሪ ተገልብጦ፣ ኮፒ ቤት ተጠርዞ ይመጣል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማርክ ሰጥተን እናልፋለን። ይሄ ያመኛል።

አሜሪካኖች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ኤድቲፒኤ የሚባለው የዕጩ መምህራን ምዘና ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በይፋ ሥራ ላይ ዋለ። ዕጩው ሲያስተምር በቪዲዮ ይቀረጻል፤ የማያውቀው ሰው ያርመዋል። ክፍያው 300 ዶላር ነበር፣ የሚከፍለውም ራሱ ዕጩው። ምዘናውን ግዴታ ካደረጉት ግዛቶች መካከል ጆርጂያ፣ ዋሽንግተን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒውዮርክ ግዴታነቱን አነሱ። ኒውዮርክ ምዘናውን ለኮሌጆቹ ነው የመለሰችው፤ እኛ ያለንበት ቦታ ማለት ነው። ክፍያውንና ቪዲዮውን አልመኝም። አንድ ነገሩን ግን ብንወስድ ደስ ይለኛል፦ ዕጩው የተማሪዎቹን ሥራ ሰብስቦ ምን እንደገባቸው፣ ምን እንዳልገባቸው ማስረዳት አለበት።

ይሄ ቪዲዮ አይፈልግም። መዛኙ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ይቀመጥ። ሲያልቅ አምስት ደብተር ያንሳና ከዕጩው ጋር ይይ። «ይሄ ልጅ ለምን ተሳሳተ? ነገ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይምጣ፤ ትልቁ ማርክም ለሁለተኛው ቀን ይሁን። ተመልሶ መምጣት ካልቻለ ሥራውን ለትምህርት ቤቱ አጋዥ መምህር እንስጥ። ዕጩውን በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው። ግን በባዶ እጁ አይሁን፤ የክፍለ ጊዜ ቅነሳና አበል ይታሰብለት። ኮሌጆች ዕጩዎቻቸውን ከመበተናቸው በፊት በጀቱን ይያዙ፤ ገንዘቡ ለሁለት ጉብኝት ካልበቃ ቅጹን ማሳመሩ ይቆይ።