ግፊቱን የሚያውቀው ካርዱ ሲያልቅ ነው

እዚህ አሜሪካ የሐበሻ ወንድ በገዛ ፈቃዱ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ብዙ አላየሁም። ጥርሱ ካላሳበደው፣ ወገቡ ካልያዘው፣ ወይ ባለቤቱ ቀጠሮ ይዛ ካልጎተተችው አይሄድም። የትራክ ሹፌር ከሆነ ግን ግድ ነው። «ዲኦቲ ፊዚካል» የሚባለውን ምርመራ ቢዘገይ በየሁለት ዓመቱ ማለፍ አለበት። የፌዴራል ሕግ ነው። ካላለፈ ሜዲካል ካርዱ አይታደስም። ካርዱ ካልታደሰ ሎድ፣ ማለትም ጭነት፣ የለም። ሎድ ባይኖርም የትራኩ ክፍያ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ።

እኔ ዲስፓቸር ነኝ፤ ኑሮዬ ቨርጂኒያ ነው። ጭነት ፈልጌ ለሹፌሮች አገናኛለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ስለምውል የሰው ጉዳይ ሳልፈልገው ይደርሰኛል። ካርድ የሚያድስ ሰው ሲደውል ወሬው ይለወጣል። ትናንት በዋጋ ሲጨቀጭቀኝ የነበረው ዛሬ ስለ ነጭ ሽንኩርት ይጠይቀኛል።

«ጋሼ፣ ነገ ፊዚካል አለብኝ። ቡና ከትናንት ጀምሮ ትቻለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ነጭ ሽንኩርት ብበላ ግፊቱ ይወርድልኛል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሐኪም ነኝ እንዴ?»

«አይ፣ እነ እገሌ በልተው አለፉ ሲባል ሰምቼ ነው።»

አንዱ የሽፈራው ቅጠል ያፈላል። ሌላው ለሦስት ቀን ጨው ይተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በትራክ ስቶፕ በርገርና ሶዳ የመጣ ግፊት በሦስት ቀን እንዲሄድ ይጠበቃል።

የመርማሪዎቹ መመሪያ ግልጽ ነው። ግፊቱ ከ140 በ90 በታች የሆነ ሰው የሁለት ዓመት ካርድ ይሰጠዋል። ላይኛው ቁጥር ከ140 እስከ 159፣ ታችኛው ከ90 እስከ 99 ከሆነ አንድ ዓመት። 160 ከገባ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሦስት ወር ዕድል ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስተካከል አለበት። 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ መሪ አይጨብጥም። ሽንቱም ይታያል። ስኳርና ፕሮቲን ካለበት እዚያው ይታወቃል።

በነጭ ሽንኩርቱ ብስቅም ይህን ምርመራ እወደዋለሁ። ስኳር እንዳለባቸው በዚህ መንገድ ያወቁ ሰዎች አሉኝ። አንደኛው አርባ አምስት የሞላው፣ ጉልበቱ የሚያስቀና ሰው ነው። ውኃ ጥም ሲያሰቃየው «የኤሲው ድርቀት ነው» ይል ነበር። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ሲነሳም ሰበብ አላጣለትም። ውጤቱን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጤናው አልነበረም፤ «ኢንሱሊን ከጀመርኩ ሲዲኤሌ ይቀማል?» ነው ያለኝ፤ የትራክ መንጃ ፈቃዱን ማለቱ ነው። ድሮ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከክልል ክልል ለመንዳት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ከኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ደንቡ ተቀይሯል። ስኳሩን እየለካ መዝግቦ የያዘና የሚያክመው ሐኪም የመሰከረለት ሰው ካርዱን ማግኘት ይችላል። ይህንን የማያውቅ ሐበሻ ሹፌር ዛሬም ሞልቷል። ስላላወቀም በሽታውን ይደብቃል።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «እናንተማ ሁሉ ነገር ተመቻችቶላችኋል» ይሉኛል። እውነቱ ሌላ ነው። ብዙው ሐበሻ ሹፌር ራሱን ችሎ የሚሠራ ኦነር ኦፕሬተር ነው። ኡበር የሚነዳውም ያው ነው። የሕመም ፈቃድ የለውም። የጤና ኢንሹራንሱን ራሱ ይገዛል፣ ወይ በባለቤቱ ሥራ ይገባል፣ ወይ ያለ ኢንሹራንስ ይኖራል። ያቺ ካርድ ባትኖር የሚጠይቀው የለም።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ጋ ደግሞ «ዌልነስ ፕሮግራም» የሚባል የሠራተኛ ጤና መጠበቂያ አለ። መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ሲያወሩት እስቃለሁ። የዕረፍት ክፍሉ ውስጥ ሙዝ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ «ውኃ ጠጡ» የሚል ፖስተር ይለጠፋል። በስልክ እርምጃ ይቆጠራል። አሥር ሰዓት ሙሉ ካርቶን ሲገፋ የዋለን ሰው «ዛሬ ስንት እርምጃ ተራመድክ?» ብሎ መጠየቅ የቢሮ ሰው ሐሳብ ነው።

የሥራ ቦታ ዌልነስ በደንብ ተፈትሿል። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ፤ 33 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ያሉት አንድ ትልቅ የጅምላ መደብር ላይ የተሠራ ነው። ከ160 ቅርንጫፎች 20ዎቹ በዕጣ ተመርጠው የአመጋገብና የስፖርት ትምህርት ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሠራተኞቹ «ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን» አሉ። የደም ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸውና ክብደታቸው ሲለካ ግን ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ቅርንጫፎች የሚለይ ነገር አልተገኘም። የሕክምና ወጪያቸውም አልቀነሰም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተሠራው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ52 የጥቁሮች ፀጉር ቤቶች ውስጥ ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ወንድ ደንበኞች ተመረጡ። በግማሾቹ ፀጉር ቤቶች ፀጉር ቆራጮቹ ምክር ሰጡ፤ «ሐኪም ጋ ሂድ» አሉ። በሌሎቹ ግን ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ ግፊት ለካ፣ ከደንበኛው ሐኪም ጋር ተስማምቶ መድኃኒት አስጀመረ፣ በኋላም እየተመላለሰ ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ የምክሮቹ ደንበኞች ላይኛው ግፊት በ9 ነጥብ ያህል ወረደ። ፋርማሲስት የመጣላቸው ግን በ27 ነጥብ ወረደላቸው። እዚህ ፖስተርም የእርምጃ ውድድርም አልነበረም። ሰውየው የሚያምነው ሰው ፊት፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ የሥራ ቀኑን ሳያጣ ታከመ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት ስመለከት አንድ ነገር ይታየኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። ቤት ለቤት እየዞሩ ስንት እናትና ሕፃን አትርፈዋል፤ ለዚህ ሥራቸው ባርኔጣ ይነሳል። ግን ቤት የሚያንኳኩት ቀን ነው። ቀን አባወራው ቤት የለም። እርሻ ላይ ነው፣ ጋራዥ ነው፣ ሳይት ላይ ነው። ሴቷ በእርግዝና ክትትል ምክንያት ብቻ እንኳን ግፊቷ ይለካል። ወንዱ ጤና ጣቢያ የሚገባበት ሰበብ የለውም። አባቶቻችን «አንድም ቀን መርፌ ተወግቼ አላውቅም» እያሉ የሚኮሩት ለዚህ ይመስለኛል። ከዚያ በድንገት «አረፈ» ይባላል። «ምን ሆኖ?» ስትል «ምንም አልነበረውም፣ ደህና ነበር» ይሉሃል።

የጅቡቲን መስመር የሚሠራውን ሹፌር አስቡት። 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የአፋር ሙቀት፣ ኬላ፣ ወደብ ላይ ቀናት የሚፈጅ ወረፋ። እንቅልፍ በጫት ይባረራል። ምሳ ሲገኝ ነው፤ ሲገኝም ጥብስ ነው። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ይተኛል። መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የሕክምና ወረቀት ይጠየቃል፤ የማውቃቸው ሹፌሮች ግን «ዓይኔን አይተው ማህተም መቱልኝ» ነው የሚሉኝ። አንዱን ግፊትህ ስንት ነው ብዬው «የጎማውን ነው?» አለኝ። ተሳሳቅን። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ወንድ ያለበት ድረስ ሄዶ ማከም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በኤች አይ ቪ ዘመን ተደርጓል። ሹፌሮች የሚያድሩባቸው ከተሞች ድረስ ምርመራው፣ ኮንዶሙ፣ ምክሩ ሄዷል። መሥሪያ ቤቶች የፀረ ኤድስ ክበብ ነበራቸው። ያን ጊዜ «ወንድ አይሰማም» ያለ አልነበረም። የውጭ ገንዘቡ ሲቀንስ ልማዱም አብሮ ሄደ። ግፊትና ስኳር እንደ ኤች አይ ቪ አያስፈሩም። ዝም ብለው ነው የሚገድሉት።

አሁን ያለው የድርጅት የጤና ፕሮግራም በአብዛኛው የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀው ሩጫ ደስ የሚል በዓል ነው፤ አልነካውም። ኩባንያው ለሠራተኛው ቲሸርት ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው ይለጠፋል። ሰኞ ግን ሲሚንቶ የሚያራግፈው ልጅ ያለ አፍ መሸፈኛ ሲሚንቶውን ይተነፍሳል።

ሕጉ ደግሞ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችን እንዳስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ ሌሎቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ መታከም ይችላል። ወረቀቱ ላይ እኮ እዚህ ራሱን ችሎ ከሚሠራው ሹፌር የተሻለ መብት አለው! አሜሪካ ያለው ዘመዱ አንድ ቀን ቢተኛ የአንድ ቀን ገቢው ቀረ። ችግሩ ሳይት ላይ ያለው አብዛኛው ወንድ ቀን ሠራተኛ መሆኑ ነው። ስሙ ፎርማኑ ደብተር ላይ ብቻ ነው ያለው። «ግፊት አለብኝ» ካለ ነገ በሩ ላይ ሌላ ልጅ ቆሟል።

ስለዚህ «የአሜሪካን ሕግ እንዳለ እንውሰድ» አልልም። ምርመራ ማጣሪያ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል የዐረብ አገር ተጓዥ ያውቀዋል። ከመሄዱ በፊት ደሙ ይቀዳል፣ ራጅ ይነሳል። ካለፈ ይሄዳል። ከወደቀ ሕልሙ አበቃ። እዚህም ቢሆን ነጭ ሽንኩርቱ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው። ውጤቱ አሠሪው እጅ የሚገባ ከሆነ ሠራተኛው ይደብቃል፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እደብቃለሁ። የሚለካው የጤና ባለሙያ፣ ወረቀቱ የሠራተኛው፣ ክኒኑም በቅርብ የሚገኝ መሆን አለበት። አሠሪው የሚሰጠው ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ነው። ያንንም ከደመወዝ ሳይቆርጥ።

ስለ ጭንቀት ትንሽ ልበል። አውስትራሊያ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. ኩዊንስላንድ ላይ የተጀመረ «ሜትስ ኢን ኮንስትራክሽን» የሚባል ፕሮግራም አለ። የግንባታ ሠራተኞች ራሳቸውን እንዳያጠፉ የሚሠራ ነው። ሳይት ላይ ያሉትን ወንዶች ራሳቸውን ያሠለጥናል፤ ጓደኛቸው ሲከፋው እንዲያዩና ወደሚረዳው ሰው እንዲያገናኙት። የእኛ ትራክ ሹፌሮች ይህ ነገር ግማሹ አላቸው። ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አሥርና ሃያ ሆነው እየተቀባበሉ ያወራሉ። ፖለቲካ፣ ኳስ፣ የጭነት ዋጋ፣ ሐሜት። ማንም ብቻውን አይነዳም። ግን ከሚስቱ የተለያየው ሰው ድምፁ ከወሬው ሲጠፋ «ምነው፣ የት ሄደ?» ብሎ ለብቻው የሚደውልለት ስንት ነው?

ለእኛ ፀጉር ቤቱ ዕድር ይመስለኛል። ወንዶች በቀጠሮ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ቀሪ ይቀጣል። ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ስም ዝርዝር አለ። ዕድሩ ለሬሳ ይከፍላል እንጂ ገና ላልሞተው አባል ግፊት መለኪያ የለውም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የዕድራቸው ጸሐፊ ነውና ይህንኑ ነገርኩት። አንድ መለኪያ ገዝተው፣ በሰፈሩ ያለች ነርስ በስብሰባው ቀን እንድትለካና ከፍ ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልክ። ሐሳቡን ለስብሰባ አቀረበው። ሊቀመንበሩ ወደደው። ሁለት ሽማግሌዎች «እኛ ደህና ነን፣ ለወጣቶቹ ይሁን» አሉ። ወጣቶቹ «ለሽማግሌዎቹ ይሁን» አሉ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ መለኪያው በማን ቤት እንደሚቀመጥና ቢሰበር ማን እንደሚከፍል በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አለ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።