«መዳን የፈለገ መንገድ አያጣም» ላሉት ኃላፊ

ሰሞኑን አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ከቀጠሮ የቀረ ታካሚ ከመዝገብ እንዲሰረዝና እንደ አዲስ ወረፋ እንዲይዝ ወስነዋል። ጋዜጠኛዋ የትራንስፖርት ችግርን ስታነሳባቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «መዳን የፈለገ መንገድ አያጣም።»

እግሩ ለተሰበረ ሰው ቢባል እንኳ የሚያሳፍር ንግግር ነው። ለድባቴ ታካሚ ሲባል ደግሞ ይብሳል። ድባቴ ከሰው ቀድሞ የሚነጥቀው ያንኑ ፍላጎት አይደለም እንዴ? ከአልጋ መውረድ ያቃተውን ሰው «ከፈለግክ ና» ማለት፣ መጀመሪያ ዳንና ከዚያ መጥተህ ታከም ማለት ነው። ይህን የሚያክል ነገር የሕክምና ክፍል ኃላፊ ይጠፋዋል?

አጎራፎቢያ የሚባለውን የጭንቀት ሕመም እንይ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምርመራ መመሪያ አምስት አስፈሪ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ተራ ቁጥር አንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሕዝብ ትራንስፖርት መጓዝ። ከዚያ ገላጣ ቦታ፣ ዝግ ቦታ፣ ሰልፍ ወይም ግርግር፣ በመጨረሻም ብቻን ከቤት መውጣት። ከአምስቱ ሁለቱ ብርቱ ፍርሃት የሚለቁበት ሰው፣ ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ፣ ሕመሙ አለበት ይባላል።

አሁን ይህ ሰው ቀጠሮ አለው እንበል። ብቻውን ከቤት ይወጣል። ገላጣ ፌርማታ ላይ ይቆማል። ይሰለፋል። ሰው በሰው ላይ በተጫነበት አውቶቡስ ውስጥ በር ይዘጋበታል። አምስቱም ሞሉ፤ ገና ካርድ ክፍል እንኳ አልደረሰም! መንገድ ላይ ልቡ ሲመታበት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ወርዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መዝገቡ ላይ ምን ይጻፋል? «ቀረ»። ሁለተኛ ጊዜ ከደገመው ደግሞ ይሰረዛል። የሕመሙን ዋና ምልክት ስላሳየ ተቀጣ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ያሴርብኛል ብሎ የሚያምነውም ታካሚ ያው ነው። እሱን በማያውቃቸው ሰዎች ዓይን ሥር ረጅም መንገድ አስቀምጠው ያመጡትና «ዛሬ እንዴት ነህ?» ይሉታል። ራስህ ነድተህ ና እንዳይባል፣ የታዘዘለት መድኃኒት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ስለዚህ አስታማሚ ያስፈልጋል። አስታማሚ ሲኖር ትኬቱ ሁለት ይሆናል፣ የአንድ ቀን ሥራም ይቀራል። ይህ ሁሉ የፍላጎት ማጣት መሆኑ ነው።

«ስልክ አለ፣ ቪዲዮ አለ» የሚሉም አሉ። ለንግግር ሕክምና እሺ፣ ለብዙ ሰው ይሠራል። ግን ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው፣ ከእውነታ ለሚያርቀው የአእምሮ ሕመም ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩለት ታካሚ የሚታዘዘውን ክሎዛፒን አስቡ። ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል፣ የተለመደው አሠራር በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ደም መመርመር ነው። ለከባድ የስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ መለካት አለበት። በየወሩ የሚሰጥ መርፌ ደግሞ በቪዲዮ አይወጋም። ሕመሙ የጠናበት ሰው ነው አዘውትሮ እንዲመላለስ የሚጠየቀው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ኤድዋርድ ጃርቪስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1850 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለአእምሮ ሕክምና ተቋም የቀረቡ አካባቢዎች ከራቁት ይልቅ ብዙ ታካሚ እንደሚልኩ በቁጥር አሳይቷል። ኃላፊው ያሉት እውነት ከሆነ፣ የመዳን ፍላጎት በኪሎ ሜትር እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው!

ባዶ የሚያልፍ የሐኪም ሰዓት ኪሳራ መሆኑን አልክድም። ግን ርቀቱን ማን ፈጠረው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለአእምሮ ጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከ70 በመቶ በላይ የሚሄደው ለአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ነው። ድርጅቱ ሕክምናው በቅርብ ጤና ጣቢያ፣ በጠቅላላ ሐኪምና በነርስ ይሰጥ ብሎ ፕሮግራም ከጀመረ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? አገልግሎቱን ጥቂት ግቢዎች ውስጥ አጭቀው፣ ከዚያ ያልደረሰውን «አልፈለገም» ይሉታል። ለድሃ በመራራት የማትታማው አሜሪካ እንኳ፣ ሜዲኬይድ በሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በሚሰጥ የጤና ሽፋኗ ታካሚን ወደ ቀጠሮው ማድረስ የሽፋኑ አካል እንዲሆን በሕግ አስቀምጣለች።

ይህን ደንብ ያረቀቁት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ከታካሚ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረው እንደማያውቁ እወራረዳለሁ። ደንቡ ይነሳ። የቀረ ታካሚ ስሙ ከመነካቱ በፊት ይደወልለትና «በምን ነበር የሚመጡት?» ይባል። መልሱም ከቀጠሮው ቀን ጎን መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ኃላፊው በሚቀጥለው ቃለ መጠይቃቸው ያንን እያነበቡ ይመልሱልን።