ለተከበሩ የማዋቀሪያ ማስታወሻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የፕሮግራም ማዋቀሪያ ማስታወሻ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስተኛው እርምጃ ምን እንደሆነ እንዲብራራልን ስለመጠየቅ

ጤናዎ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል ጠየቅኩ እንጂ እርስዎማ ምን ይሆናሉ፤ የሚታመመው የእኛ ኮምፒውተር ነው።

ከርዕስዎ ግርጌ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ» ብለዋል። እውነትዎን ነው። ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠውን ኮምፓይለር ከዓመታት በፊት ለጫነ፣ የፋይል ፈቃዱን አስተካክሎ ላስቀመጠ፣ ማስተካከሉንም ለረሳ ሰው አምስት ደቂቃ እንዲያውም ይተርፈዋል። ጸሐፊዎ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በመጀመሪያው እርምጃ ፋይሉን አውርዱ አለን፤ አወረድን። በሁለተኛው ፍቱት አለን፤ ፈታን። በሦስተኛው «አስፈላጊ የሆኑትን ነገሮች ይጫኑ» አለና በአራተኛው «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎን ሄደ። ክቡርነትዎ፣ የማዋቀር ሥራ ማለት እኮ ሦስተኛው እርምጃ ነው! የቀረውን ያለ እርስዎም እንወጣው ነበር።

ስለ ዶላር ምልክትዎም ላንሳ። ከየትእዛዙ ፊት «$» ያቆማሉ። ይህች ምልክት ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የምንሰጥበት መስኮት) ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ለተራ ተጠቃሚ የሚያሳይባት እንጂ የትእዛዙ አካል እንዳልሆነች የሚያውቀው፣ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ጀማሪው አብሮ ቀድቶ ይለጥፋታል፤ ተርሚናሉም እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላገኘሁም ይለዋል። ይህ እንኳ ደግ ዕጣ ነው። ለአስተዳዳሪው የሚታየውን «#» ከፊት ያቆሙ ዕለት ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዛችንን የሚተረጉመው ባሽ መስመሩን በሙሉ የሰው ማስታወሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስህተት የለ፣ ውጤት የለ። ጀማሪውም ዝምታውን ከስኬት ቆጥሮ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገራል። «<ስምዎ>» እያሉ በማዕዘን ቅንፍ የሚተዉልን ቦታስ? ለባሽ ያች የግራ ቅንፍ «ከዚህ ፋይል አንብብ» ማለት ናት። ለእኔ የተተወ ክፍት ቦታ መሆኑን ማን ይንገረው?

ውበትዎን አልክድም። ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶችዎ ለጌጥ ተቆልምመዋል፤ ጎን ለጎን ይኖሩ የነበሩ ሁለት ሰረዞችም ተጋብተው አንድ ረጅም ሰረዝ ሆነዋል። ለማያውቅሽ ታጠኚ ነው ነገሩ። ገጹ ላይ ያማረው ሁሉ ተርሚናሉ ዘንድ ባዕድ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀናኝ ግን መስመሩን በአንድ ምት ወደ ውስጥ የምታስገባው የታብዎ ታሪክ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን፣ ከኮድ ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ በቤል ቤተ ሙከራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ሲሠራ የትእዛዝ መስመሮች በታብ እንዲጀምሩ አደረገ። አካሄዱ እንደማይመች ሲገባው ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች አፍርቶ ነበርና እነሱን ላለማወክ ሲል ሳይለውጠው ቀረ። ለአሥራ ሁለት ሰው የተያዘ ይሉኝታ ይኸው እኛ ላይ ደርሷል። (እንዲህ ያለ ይሉኝታ በዛሬ ሶፍትዌር አምራቾች ዘንድ ቢገኝ ግን ምንኛ መልካም ነበር።) እርስዎ ደግሞ ታቡን በክፍት ቦታዎች ተክተው ይልኩልናል። ለዓይን ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ሜክ ግን መለያ ጎድሏል ብሎ ቀጥ ይላል። እኛም የማይታይ ነገር ፍለጋ ስክሪኑ ላይ እናፈጥጣለን።

ዕድሜ መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀን ስለማይጽፉ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ፓይተን 3 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ወጥቶ፣ የፓይተን 2 ድጋፍም ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቶ፣ እርስዎ ዛሬም «ፕሪንት» የተባለውን ትእዛዝ እንደ ፓይተን 2 ያለ ቅንፍ ይጽፉልናል። ከሥር ደግሞ «የቅርብ ጊዜውን ስሪት ይጠቀሙ» ይላሉ። ለየትኛው ዘመን ነው የቀረበው?

አንድ ነገር አልሠራ ሲል የሚያዙት መድኃኒትማ ታውቋል፦ 777 የተባለው የፋይል ፈቃድ። ለማንበብ አራት፣ ለመጻፍ ሁለት፣ ለማስኬድ አንድ፤ ድምሩ ሰባት። ይህን ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለቀረው ሁሉ እኩል ያድላሉ። ቸርነትዎ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር የሚያገናኘን የኤስኤስኤች የግል ቁልፍ ፋይል ዘንድ ሲደርስ ግን ኤስኤስኤች «ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችለውን የግል ቁልፍ አልቀበልም» ይላል፤ ሁሉን ስለከፈቱ ዋናው በር ተዘጋ። ለቁልፉ ፋይል 600 ቢሉን ይበቃ ነበር፤ ባለቤቱ ብቻ ያነብበዋል፣ ይጽፍበታል። ከማናውቀው አድራሻ የመጣ ስክሪፕት ሳናነብ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ እንድናስኬድ የሚጋብዙንንም ነገር አላነሳም፤ ስለ እርስዎ ክብር ስል እተወዋለሁ።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። የተጻፉበትን ቀን፣ የተሞከሩበትን ስርዓተ ክወናና የእያንዳንዱን ፕሮግራም ስሪት ከራስጌዎ ያስፍሩልን። ደግሞም፣ ይህኛውን አጥብቄ ነው የምለምነው፣ ከየትእዛዙ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን መታየት እንዳለበት አንዲት መስመር ይጣሉልን። አሁን ባለው ሁኔታ ስህተቱ ከሁለተኛው ትእዛዝ ይነሣና በዘጠነኛው ላይ ይፈነዳል፤ እኛም ዘጠነኛውን ስንቀጣ እንውላለን። የሠራነውን መልሰን የምናፈርስበትን መንገድ ቢጨምሩልንማ ስምዎን በክብር እናነሣ ነበር።

ከሰላምታ ጋር
ተርሚናሉ ፊት የተጎለተ ተገልጋይዎ

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዎ፤ አዲስ ኮምፒውተር በገዛ ማግስት እርስዎን ፍለጋ መምጣቱ ስለማይቀር