የብረት በሩ ይገጠም ወይስ ይቅር?

ቦሌ አራብሳ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት የእርሻ ማሳ ነበር። አሁን ባንኩም፣ ካፌውም፣ ሱፐርማርኬቱም ደርሷል። የቤት ኪራዩም አብሮ ወጥቷል። በዚያው ልክ ማታ ማታ ደረጃ ሥር የሚያድሩ ሰዎች በዝተዋል። የአንድ ግቢ የቤት ባለቤቶች ማኅበር «የብሎኮቹ መግቢያ ላይ የብረት በር ይገጠም፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ይቆለፍ፤ የሚያድሩትም ይነሱ» የሚል ሐሳብ ለስብሰባ አቅርቧል። ሁለት ጎረቤታሞች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንዷ በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ሌላው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ነርሷ፦

ጋሼ፣ በሩ ይገጠም ከሚሉት አንዷ እኔ ነኝ።

የማታ ፈረቃ ሲኖረኝ ሰፈር የምደርሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ከአያት ታክሲ ካጣሁ ባጃጅ ኮንትራት እይዛለሁ። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ያወርደኛል። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ጨለማ ነው። ብሎካችን ጋ ስደርስ መጀመሪያ የማየው እግር ነው። ከካርቶን የወጣ እግር። የማን እንደሆነ አላውቅም። ይተኛ ይንቃ፣ ይስከር ይታመም አላውቅም። አራተኛ ፎቅ እስክደርስ ኋላዬን እያየሁ ነው የምወጣው።

«ድሆች እንጂ ሌቦች አይደሉም» ይሉኛል። እሺ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ድሃውን ከሌባው የምለይበት ነገር የለኝም። አምና የውኃ ፓምፓችን ተነቅሎ ተወሰደ። የጎረቤታችን የጋዝ ሲሊንደር ከበረንዳ ጠፋ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ አለመታወቁ ነው። በወንድ ዓይን ሲታይ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሥራ መቀጠልና መተው ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት የማታ ፈረቃ ትታለች፤ ደመወዟም ቀንሷል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃውና ኮሪደሩ የባለቤቶቹ የጋራ መጠቀሚያ ነው። ማንም መጥቶ የሚያድርበት አይደለም።

መምህሩ፦

እህቴ፣ ፍርሃትሽን አላቃልልም። የእኔም ልጅ የምትገባው በዚያው መንገድ ነው። ግን የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ሁሉም የሆነው በጨለማ ነው። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ስንት ጊዜው ነው? ለብረት በር መዋጮ የጠየቀ ማኅበር ለአምፖል ለምን አልጠየቀም? አስፋልቱ ላይ ያለውስ የመንገድ መብራት? በሩ አንቺን የሚጠብቅሽ ከገባሽ በኋላ ነው። ያስፈራሽ መንገድ ውጭ ቀርቷል።

ፓምፑን የነቀለው ደግሞ መፍቻ ይዞ የመጣ ሰው ነው። መጫኛ መኪናም ሳይኖረው አልቀረም። ካርቶን ላይ የሚያድር ልጅ ፓምፕ ተሸክሞ የት ይደርሳል?

እስቲ አንድ ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወርደሽ እያቸው። ካርቶኑን አጣጥፈው ከሮቶው ጀርባ ይሸጉጡታል። ጫማቸውን ትራስ አድርገው ስለሚያድሩ ተጨማዷል፤ በመዳፋቸው እያሹ ያቃኑታል። ከሮቶው የሚንጠባጠበውን ውኃ ፊታቸው ላይ ረጨት አድርገው የቀን ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ሲሚንቶ ይሸከማሉ፣ ብሎኬት ያቀብላሉ። አንዳንዶቹ ይሄን ኮንዶሚኒየም ራሱን የሠሩ ናቸው። ያኔ ሳይቱ ላይ የቆርቆሮ ካምፕ ነበራቸው። ግንባታው ሲያልቅ ካምፑ ፈረሰ፤ እነሱ ቀሩ። አንደኛው ይሄ ግቢ ያረፈበትን መሬት ያርሱ የነበሩ ሰው ልጅ ነው። የካሳው ገንዘብ አልቋል፣ መሬቱም የለም።

ሌሎቹ ከመሀል ከተማ የመጡ ናቸው። እኔም ከዚያው ነኝ። ሰፈሬ ለልማት ሲፈርስ የቀበሌ ቤት ውል ስለነበረኝ ምትክ አገኘሁ። ጎረቤቴ የነበረችው ጠላ ሻጭ ግን አንዲት ክፍሏን በቆጥ ደራርባ ለቀን ሠራተኞች በሌሊት ሒሳብ ታከራይ ነበር። እዚያ የሚያድሩት በስማቸው ምንም ወረቀት አልነበራቸውም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ የኮሪደር ልማቱም ሲቀጥል፣ እንዲህ ያሉ ማደሪያዎች አብረው ሄዱ። ምትክ የተሰጠው ውል ላለው ነው። አልጋው ፈረሰ፤ ተኝቶበት የነበረው ሰው ግን ማታ ላይ የሆነ ቦታ መተኛት አለበት።

ነርሷ፦

የአምፖሉን ነገር ተቀብያለሁ። እንዲያውም ከበሩ በፊት ይምጣ።

በሌላው ግን አልስማማም። እርስዎ ከየት እንደመጡ ነገሩኝ፤ አሳዘኑኝም። ከዚያስ? ያቀረቡልኝ መፍትሔ እዚያው ደረጃ ሥር ይደሩ ነው። ይሄ ደግነት አይደለም።

እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ከጎዳና የሚመጡ የሳንባ ምች ሕሙማንን እናያለን። ውሻ የነከሳቸው ይመጣሉ። በሌሊት የተደፈሩ ልጆች ይመጣሉ። እኔ የምፈራው ሌሊት መጀመሪያ የሚጎዳው እነሱን ነው፤ ውጭ የሚያድር ሰው በር የለውም። ባለፈው ክረምት ደረጃችን ሥር ነፍሰ ጡር ልጅ ነበረች። ያስታውሷታል። ሁላችንም ስናልፍ እንጀራ ሰጠናት፣ አሮጌ ጋቢ ሰጠናት። ማንም ግን ጤና ጣቢያ አልወሰዳትም። እኔ ጥያቄ ስጠይቃት ፈርታኝ በማግስቱ ጠፋች። የት እንደወለደች አላውቅም። ይቆዩ ሲሉ፣ እንደሷ ያለችው ልጅ እዚያው ሲሚንቶ ላይ ትቆይ ማለትዎ ነው። እኛም ትራፊ እየሰጠን ሥራችንን የጨረስን ይመስለናል።

ስለዚህ ይነሱ። ግን ወደ መጠለያ ይነሱ። መቄዶንያ እንኳ እዚሁ አያት በኩል ነው።

መምህሩ፦

መቄዶንያን እግዚአብሔር ያክብርልን። ነገር ግን ማዕከሉ የተቋቋመው ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን ነው። ሲሚንቶ የሚሸከም ጎረምሳ እዚያ ምን ይሠራል? እሱ ጦሪ አይፈልግም። የሚፈልገው በቀን ሥራ ገቢ የሚቻል አልጋ ነው። ያ አልጋ የለም። መታወቂያም የለውም፤ ለነዋሪነት መታወቂያ አድራሻ ይጠየቃል። ያለ መታወቂያ ደግሞ ጥበቃ እንኳ ሆኖ የሚቀጥረው የለም።

ታዲያ በሩ ሲገጠም «ይነሱ» የሚለውን ማን ያስፈጽመዋል? ፖሊስ ይጠራል። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ዛሬም አለ። በእሱ የተጠረጠረ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ይያዛል፤ በዋስ አይለቀቅም። ቀን ሙሉ ብሎኬት ሲያቀብል የዋለ ልጅ ሠራተኛ ለመሆኑ ምን ያሳያል? እጁን? እኔ የምፈራው ይሄንን ነው። ፍርሃት ከተቆጠረ ይሄም ይቆጠር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በጠቀስሽው አዋጅ የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። አንቺ ተከራይ ነሽ። እዚህ ማታ የምትገቢው አንቺ ሆነሽ ሳለ ድምፅ የሚሰጠው ሌላ ሰፈር የሚኖር አከራይሽ ነው። ለእሱ የብረት በር ማለት የኪራይ ዋጋ ነው። አንቺ ደኅንነት ብለሽ የጠየቅሽውን እሱ ጭማሪ አድርጎ ያስከፍልሻል።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። የጋራ መገልገያ ሕንፃው ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ ተብሎ ነበር የተሠራው። ግማሹ ክፍል የአሮጌ ዕቃ መጣያ ሆኗል። ለክረምቱ ይጸዳ። የሚያድሩት በስም ይመዝገቡ፤ ወረዳውም ይወቀው። ስሙን የምታውቂውን ሰው እንደ ባዳ አትፈሪውም። እነሱም ተራ ገብተው ፓምፑን ይጠብቁ።

ነርሷ፦

አከራዬን በተመለከተ ያሉት እውነት ነው፤ ስብሰባው ላይ ተከራዮችም እንድንናገር እጠይቃለሁ።

ክፍሉን ግን እንዲሁ አልቀበልም። ማታ ቁልፉን ማን ይይዛል? ወንድና ሴት አንድ ክፍል ሊያድሩ ነው? አንዱ ሻማ ለኩሶ ቢተኛስ? ፍራሹ ላይ እሳት ቢነሳ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ካልተመለሱ ደረጃው ሥር የነበረውን ችግር ጣሪያ ሰጥተን ማዛወር ነው።

ሴቶችና ሕፃን የያዙት ቅድሚያ ካገኙ፣ የራሳቸው ክፍል በውስጥ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ወረዳውም በጽሑፍ ከፈቀደ እደግፋለሁ። ነፍሰ ጡር ከመጣች ጤና ጣቢያ የምወስዳት እኔ ነኝ። የብሎኩን በር ግን አልተውም። አምፖሉ ይግባ፣ ክፍሉ ይከፈት፣ ከዚያ በሩ ይገጠም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያኔ እኔም ከእርስዎ ጋር ሆኜ እቃወማለሁ።

መምህሩ፦

ቁልፉን እኔ እይዛለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍም የለኝም። በእሳቱ ልክ ነሽ፤ የመብራት መስመር ሳይገባ አንከፍተውም። በበሩ ግን አልተስማማንም። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ እቃወመዋለሁ።